ቃሬዛው ያልወረደበት ቀን

ሙሽራን ሁለት ጊዜ ያስለቀስኩ ሰው ነኝ። የመጀመሪያው ለቅሶ የራሷ ነበር፤ ከእናቷ ቤት ስትወጣ የመጣባት። እኔ በዚያች ቅጽበት ባትሪ እየቀየርኩ ስለነበር አመለጠኝ። «ይቅርታ፣ አንዴ እንደገና» አልኳት። መልሳ ገባች፤ መልሳ ወጣች፤ መልሳ አለቀሰች። ቪዲዮው ሲታይ ሁለተኛው ለቅሶ ያምር ነበር፤ ብርሃኑም ልክ፣ እንባውም ልክ። ለስንት ዓመት ይህንን እንደ ሙያ ብልሃት ለጓደኞቼ እያወራሁ ስቄበታለሁ።

ቢኒያም እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ዲላ ነው። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ መናኸሪያው አካባቢ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ ከሱቁ ጎን ባለችው ክፍል ስቱዲዮ ከፈትኩ። ሠርግ፣ ምርቃት፣ የመዝሙር ክሊፕ እቀርጻለሁ። ያን ጊዜ ሥራዬን አበጥሬ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ሰውን «ወደዚህ ዙር፤ ሳቅ በል፤ እጇን ያዝ» ትለዋለህ፤ የታዘዘውን ሲያደርግ ትቀርጸዋለህ፤ አለቀ። ፊልም የሚባለው ነገር ለአዲስ አበባ ሰዎች የተተወ ነው ብዬ ነበር የማስበው።

አስቴር ወደ ስቱዲዮዬ የገባችው ዝናብ አባርሯት መስሎኝ ነበር። ጫማዋ በቀይ ጭቃ ተለውሷል፤ ጀርባዋ ላይ ትልቅ ቦርሳ አዝላለች። ወንበር ሳብኩላት። አልተቀመጠችም።

«ረጅም መንገድ በእግሩ እየሄደ መቅረጽ የሚችል ሰው እፈልጋለሁ» አለች።

«የምን ሠርግ ነው?»

«ሠርግ አይደለም። እናቴ የሞተችበት መንገድ ነው።»

ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ዓይኗን አየሁና ዋጥኩት። ከዚያ ነገረችኝ። ቡሌ ወረዳ ውስጥ ካለች መንደር ናት። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለች እናቷ ወይዘሮ ዘነበች ምጥ ያዛት፤ ሁለት ቀን ሙሉ መውለድ አልቻለችም። በሦስተኛው ቀን ስድስት ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመዋት በእግር መንገዱ ወደ ዲላ ተነሱ። አንዱ አባቷ ነበር፤ አንዱ የእናቷ ወንድም። መንገድ ላይ፣ አንድ ምንጭ አጠገብ፣ እናትየዋም በሆዷ ያለውም ሕፃን ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት አልፏል። አስቴር ተምራ አዲስ አበባ ገብታ፣ ማንም አዘጋጅ ሳይኖራት በገዛ እጇ ትናንሽ ፊልሞች ትሠራለች። ይኼኛው ስለ ራሷ ነው።

«እናትሽን ማን ይሠራታል?» አልኳት።

«እኔ።»

«ተሸካሚዎቹንስ?»

«ራሳቸው። ከስድስቱ አራቱ በሕይወት አሉ። ያንን መንገድ እኔን ተሸክመው እንደገና ይሄዳሉ።»

«ታዲያ ይኼ ዶክመንተሪ ነው ወይስ ድራማ?»

«እኔም ገና አላወቅሁም» አለችና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «ስንሄድ እናየዋለን።»

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ያለችኝ ነገር ነው ያሳመነኝ። «እኔ ከኋላ ነበርኩ፤ እየሮጥኩ ነበር የምከተላቸው። የማስታውሰው እግሯን ብቻ ነው፤ ከብርድ ልብሱ ወጥቶ ነበር። ፊቷን እስከ መጨረሻው አላየሁትም። ምን እያየች እንደሄደች ማወቅ እፈልጋለሁ።»

በሦስተኛው ቀን ቡሌ ወጣን። ዲላ በሸሚዝ የሚዋልበት ወቅት ነበር፤ ቡሌ ስንደርስ ግን ብርዱ ጆሮ ይቆነጥጣል። ከመኪና ወርደን አንድ ሰዓት ያህል በእግራችን ሄድንና መንደሯ ገባን። አጎቷ አቶ በራሶ ከእንሰቱ መሐል ወጥተው ተቀበሉን። ረጅም፣ ትከሻቸው የጎበጠ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሽማግሌ ናቸው። ከእኔ ጋር በአማርኛ ሲያወሩ ሴቱንም በወንድ ነው የሚጠሩት። እኔ ደግሞ የአገሩን ቋንቋ፣ ጌዴኦፋን፣ እሰማለሁ እንጂ ስናገር ምላሴ ይተሳሰራል። እናም እኔ በአማርኛ፣ እሳቸው ከእህታቸው ልጅ ጋር በጌዴኦፋ፣ ነገሩ ይሄድ ነበር። ስሜን አልያዙትም። «ካሜራ» አሉኝ። እስከ መጨረሻው «ካሜራ» እንደሆንኩ ቀረሁ።

በሕይወት የሌለውን የአስቴርን አባት ቦታ የሚሠራ ሰው ከዲላ ይዘን ነበር የሄድነው፤ መምህር ዮናስ ይባላል። በቤተ ክርስቲያን ድራማ የታወቀ፣ ድምፁ አዳራሽ የሚሞላ፣ ጥሩ ሰው። አራቱ ሽማግሌዎች ከሰዓት በኋላ ቃሬዛውን ሲሠሩ ቀረጽኳቸው። ሁለት ረጅም ቀርከሃ፣ መሐሉን በቃጫ ገመድ ጠለፉት። አስቴር የጻፈችውን ወረቀት አውጥታ ማን ምን እንደሚል ልታነብላቸው ስትል አቶ በራሶ እጃቸውን አነሡ።

«ልጄ፣ ወረቀቱን መልሺው። እኛ የረሳነው ነገር የለም።»

አስቴር ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችው። እኔ በልቤ፣ ይቺ ሴት ነገ ሙሉ ቀን ልታባክን ነው አልኩ።

በማግስቱ ማለዳ ጉሙ ገና አልተነሣም ነበር። አስቴር የእናቷን ዓይነት ቀሚስ ለብሳ ከቤት ወጣችና ቃሬዛው ላይ ተጋደመች። ብርድ ልብስ አለበሷት። ከአራቱ አንዱን፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የሆኑትን አቶ ታደሰን፣ ሳቅ አመለጣቸው። ሌሎቹም ተከተሉ። ጤነኛ ሴት ቃሬዛ ላይ ተኝታ ወደ ሰማይ ስታይ በእርግጥም ያስቃል። አስቴርም ሳቀች። ከዚያ አቶ በራሶ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ያን ቀን ጸልየን ነው የተነሣነው» አሉ።

ሳቁ ቀጥ አለ። ጸለዩ። አጭር ጸሎት ነበር፤ መንገዱን እንዲያሳጥርላቸው ብቻ ነው የለመኑት። «አሜን» ሲሉ ፊታቸው ሌላ ሆኖ ነበር። እኔ «አክሽን!» አልኩ፤ ማንም አልሰማኝም። ቃሬዛው ከመሬት ተነሥቷል።

የቃሬዛ ሰዎች እንዴት እንደሚሄዱ ከዚያ በፊት ልብ ብዬ አይቼ አላውቅም። አይሮጡም፣ አይራመዱም፤ በሁለቱ መሐል የሆነ አካሄድ ነው። አራቱ እኩል ይረግጣሉ። አንዱ «ሃ!» ሲል ሁሉም ትከሻ ይቀይራሉ፤ ቃሬዛው ግን አይናወጥም። ከስልሳ ያለፉ ሰዎች ናቸው፤ እኔ ወጣቱ ካሜራ ይዤ ወደ ኋላዬ እየሄድኩ ነው የማለከልከው።

አራቱ ሽማግሌዎችና መምህር ዮናስ፣ አምስቱም በየተራ ነበር የሚገቡት። መጀመሪያ ያረፉት አቶ ታደሰ ነበሩ። መምህር ዮናስ ከፊት በግራ በኩል፣ በአባትየው ቦታ ገባ። ትንሽ እንደሄድን የመድረክ ድምፁን ለቀቀው።

«ወይኔ ሚስቴን! ወይኔ ዘነበችን! ምነው እኔን በገደለኝ!»

አቶ በራሶ ሳይቆሙ፣ ሳይዞሩም፣ «አስተማሪ» አሉት በጌዴኦፋ። «ባሏ እንዲህ አልጮኸም። ዝም ብሎ ነው የተሸከመው። ላብ ብቻ ነበረው።»

መምህር ዮናስ ትከሻውን አስተካክሎ መሸከሙን ቀጠለ። ከዚያ በኋላ የመድረክ ቃል አልወጣውም። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የሠራው ምርጥ ትወና ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ያለው ነው።

ሌላው የገረመኝ ነገር አፋቸውን አለመዝጋታቸው ነው። ታማሚ እንዲተኛ አይፈቅዱም፤ መንገዱን ሁሉ ያዋሩታል። «ዘነበች፣ ትሰሚያለሽ? የእነ እገሌን ቤት አለፍን። ዘነበች፣ ቁልቁለቱ ላይ ነን፣ ያዝ አድርጊ።» መጀመሪያ ላይ ድምፃቸው ውስጥ ትንሽ እፍረት ነበረበት፤ ትልቅ ሰው እንደ ሕፃን ሲጫወት የሚሰማው ዓይነት። ቀስ እያለ እፍረቱ ሄደ። አስቴርም ትመልሳለች፤ በእናቷ ስም ስትጠራ «እሰማለሁ» ትላለች። አንዳንዴ የምትመልሰው ዘግይታ ነው። ያኔ አራቱም አንገታቸውን ወደ እሷ ሰበር ሲያደርጉ አያለሁ። እውነት የሰጉ ይመስላሉ። እኔም ራሴ ሰግቼ ነበር መሰለኝ፣ አንዴ ካሜራዬን አውርጄ ደኅና መሆኗን በዓይኔ አይቻለሁ።

ገበያ የሚሄዱ ሴቶች አገኙን። ጭነታቸውን ከጀርባቸው አውርደው፣ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ወደ ቃሬዛው መጡ። አንዷ ማልቀስ ጀመረች። አስቴር ይህን አልጠበቀችም፤ ከብርድ ልብሱ ቀና ብላ «እናቶቼ፣ አታልቅሱ፣ ደኅና ነኝ። ፊልም ነው። የእናቴን ታሪክ ነው የምንሠራው» አለቻቸው።

ሴትየዋ እንባዋን ጠርጋ ትንሽ አሰበች።

«እናትሽ ግን ሞታለች?»

«ሞታለች። ከእነ ልጇ።»

«በዚህ መንገድ?»

«በዚህ መንገድ።»

«እና ፊልም ነው ብለሽ ማልቀሴን ልትከለክይኝ ነው?» አለችና ለቅሶዋን ቀጠለች። ሌሎቹም አብረዋት አለቀሱ። ከዚያ ጭነታቸውን አንሥተው እስከሚቀጥለው መታጠፊያ ድረስ ተከተሉን። በአገሩ ልማድ ቃሬዛ ያገኘ ወንድ ሳያግዝ አያልፍም። እንጨት የጫነ ሰውዬ አህያውን ዛፍ ላይ አስሮ ገባ፤ ከማሳው የወጣ ገበሬ እጁን በሱሪው ጠርጎ ገባ። ለሁሉም እየነገርናቸው ነው። «ፊልም ነው» እንላለን። «እሺ» ይላሉ፤ ትከሻቸውን ያስገባሉ።

እየወረድን ስንሄድ ብርዱ ቀለለ፤ እንሰቱ መሐል ቡና መታየት ጀመረ። ሦስት ሰዓት ያህል ተጉዘናል። ያገዙን ሰዎች ሁሉ ተመልሰው፣ አንድ ቀጥ ያለ ቁልቁለት ላይ እኛው ብቻ ቀርተን ነበር። ሌሊት የዘነበበት ቀይ መሬት እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። መምህር ዮናስ እግሩ ከዳው። ወደቀ ሳይሆን ተቀመጠ ማለት ይሻላል፤ ትከሻውን ግን ከቀርከሃው ሥር አላወጣም። «ያዙት! ያዙት!» እያለ ሦስቱ ክብደቱን እስኪቀበሉት ድረስ በተቀመጠበት ተሸከመ። ሲነሣ ቁርጭምጭሚቱ አልረገጠለትም።

አቶ ታደሰ ቀድሞውኑ ጉልበታቸውን ይዘው ከኋላ እየተጎተቱ ነው። ትከሻ ላይ የቀሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። ቃሬዛው ወደ ግራ ዘመመ።

አቶ በራሶ ያን ጊዜ ነው ወደ እኔ የዞሩት። «ካሜራ! ና ግባ!»

እዚህ ላይ የተሰማኝን ልደብቃችሁ አልፈልግም። የመጀመሪያ ሐሳቤ፣ «ይህን የመሰለ ነገር እየተቀረጸ እንዴት አቆማለሁ?» የሚል ነበር። ቃሬዛው ሲያዘነብል፣ የሽማግሌዎቹ የአንገት ሥር ሲገተር፣ በሌንሱ ውስጥ ግሩም ሆኖ ይታየኝ ነበር። ሰው ሊወድቅ ነው፤ እኔ ትኩረት አስተካክላለሁ። «ሰውዬ!» አሉኝ ደግመው። ካሜራ እንኳ አላሉኝም።

«ስጠኝ» አለችኝ አስቴር ከቃሬዛው ላይ እጇን ዘርግታ። «ለእኔ ስጠኝና ግባ።»

ካሜራውን እየቀረጸ እንዳለ ደረቷ ላይ አስቀመጥኩላትና ከፊት፣ በግራ በኩል ገባሁ። የአባቷ ቦታ መሆኑ ትዝ ያለኝ ቆይቶ ነው።

ቀርከሃው አጥንቴ ላይ ሲያርፍ ስለ ፊልም የማውቀው ሁሉ ከአእምሮዬ ጠፋ። የቀረኝ እግሬን ከሌሎቹ እግር ጋር ማስተካከል ብቻ ነው። አጠገቤ የአቶ በራሶ ትንፋሽ አለ። ከኋላዬ የሰው ክብደት አለ፤ ቦርሳ ወይም ጆንያ ሲከብድ እንደሚከብደው አይደለም። ሲተነፍስ ይሰማችኋል። «ሃ!» ሲሉ ተሳሳትኩ፤ በሁለተኛው ተሳሳትኩ፤ በሦስተኛው ገባኝ። መምህር ዮናስ ዱላ ተመርኩዞ ከኋላ እያነከሰ ይከተለናል። አቶ በራሶም ማዋራታቸውን አልተዉም። «ዘነበች፣ አዲስ ሰው ገብቶልሻል። ከተማ ነው ያደገው፤ ትከሻው ለስላሳ ነው፤ ታገሺው።»

«እታገሠዋለሁ» አለች አስቴር።

ምንጩ ጋ ደረስን። ከድንጋይ ሥር የሚወጣ ቀጭን ውሃ ነው፤ ዙሪያው ረግረግ። በዕቅዳችን መሠረት እዚህ ቃሬዛው ይወርዳል፤ የአስቴር እጅ ከብርድ ልብሱ ውጭ ይወድቃል፤ ፊልሙም እዚያ ላይ ያበቃል። ከዲላ ስንነሣ ጀምሮ የተነጋገርነው ይህንን ነው። ፍጥነቴን ቀነስኩ።

አቶ በራሶ አልቀነሱም።

«አጎቴ፣ እዚህ ነው» አለች አስቴር።

ምንጩ በስተቀኛችን አለፈ።

«አጎቴ! አልፈነዋል። አውርዱኝ። ከት! አቁሙ በላቸው ቢኒ!»

«አይወርድም» አሉ አቶ በራሶ። «አንቺ ታማሚ ነሽ፤ ዝም በዪ።»

«አጎቴ…»

«ዝም በዪ ዘነበች። እናደርስሻለን።»

ሌሎቹን አየኋቸው። አንዱም ግር አላለውም። ከኋላ ያሉት ሁለቱ ጥርሳቸውን ነክሰው ወደ ፊት ይገፋሉ። ጉልበታቸውን ይዘው የነበሩት አቶ ታደሰ ከየት እንዳገኙት በማላውቀው ኃይል ደርሰው ከጎናችን ገቡ፤ የቃሬዛውን ጠርዝ በእጃቸው ደገፉ። እነዚህ ሰዎች ለብቻቸው መክረው እንደሆነ ጠይቄ ነበር በኋላ። አልመከሩም። አራት ሰው አንድ ሐሳብ ሃያ ዓመት ይዞ ሲኖር ምክር አያስፈልገውም መሰለኝ።

ከዚያ ወዲህ የሚሰማኝ የአስቴር ትንፋሽ ብቻ ነው፤ እያለቀሰች እንደሆነ በትከሻዬ ላይ በሚመጣው ንዝረት አውቄያለሁ።

ከምንጩ በታች፣ ሠላሳ ደቂቃ ያህል እንደሄድን፣ አንድ ጤና ጣቢያ አለ። ያኔ አልነበረም፤ የተሠራው በቅርብ ነው። አቶ በራሶ ወደዚያ ነበር የሚወስዱን። በሩ ላይ ስንደርስ ዘበኛው ከፈተልን፤ ሰው ገለል አለ፤ ነጭ ጋዋን የለበሰች ጎልማሳ ነርስ እየሮጠች መጣች። ቃሬዛውን ሣሩ ላይ ስናወርደው አቶ በራሶ በጉልበታቸው አብረው ወረዱ።

«ደረሰ» አሉ በአማርኛ፣ ለነርሷ። «ዘነበች ደረሰ።»

ነርሷ የአስቴርን እጅ ይዛ የደም ሥሯን መቁጠር ጀመረች። አስቴር ቀና ብላ «ሲስተር፣ ደኅና ነኝ። አልታመምኩም። ፊልም እየሠራን ነው» አለቻት። ነርሷ እጇን ለቀቀች፤ ፊቷ ተቆጣ። «በታማሚ ይቀለዳል? ስንት ሥራ ትቼ ነው የሮጥኩት!»

«ሲስተር፣ አይቆጡ» አሉ አቶ በራሶ፤ ገና እንደተንበረከኩ ናቸው። «አንድ ነገር ልጠይቅ። ሃያ ዓመት የምጠይቀው ሰው አጣሁ።»

ከድምፃቸው ይሁን ከፊታቸው፣ ነርሷ ቁጣዋን ትታ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

«እህቴ ምጥ ይዞት እንዲህ ተሸክመን መጣን። እዚያ ላይ ምንጭ አለ። እኔ ውሃ ጠማኝ። ‹አንዴ አውርዱ› አልኩ። ባሉ ‹አይሆንም፣ እንሂድ› አለ። እኔ ታላቅ ነኝ፤ እሱ እሺ አለ። ጎንበስ ብዬ ጠጣሁ። ቀና ስል ዘነበች ሞቷል።» ቀርከሃውን በእጃቸው ያዙ። «ባልጠጣ ይደርስ ነበር?»

አስቴር ይህን አታውቅም ነበር፤ ያን ቀን ከኋላ ሮጣ ስትደርስ ቃሬዛው መሬት ላይ ነበር። ማንም አልነገራትም። አባቷም እስኪሞት አልተናገረም።

ነርሷ ቸኩላ አልመለሰችም። ጠየቀቻቸው። ምጡ ስንት ቀን ቆየ? ሁለት ሌሊት፣ ሁለት ቀን። ደም ነበር? ነበር፤ ከቤት ስንነሣ ምንጣፉ ርሶ ነበር። ሕፃኑ ይንቀሳቀስ ነበር? ከዋዜማው ጀምሮ አልተሰማትም። ከምንጩ ዲላ ድረስ ያኔ ስንት ሰዓት ይሄዳል? በቃሬዛ ሦስት፣ አራት ሰዓት።

«አባ» አለች። «እኔ ያኔ አላየኋትም፤ ያላየሁትን እርግጥ ነው ብዬ አልነግርዎትም። እንደነገሩኝ ከሆነ ግን ከቤት ሳትነሡ ነው የደከመችው። የጎደላት አንድ ጉንጭ ውሃ የጠጡበት ጊዜ አልነበረም። ሁለት ቀን ነው የጎደላት። ቅርብ የሆነ ጤና ጣቢያ ነው የጎደላት።» እጃቸውን ያዘች። «እርስዎ አይደሉም።»

አቶ በራሶ ግንባራቸውን ቀርከሃው ላይ ደፉ። አቶ ታደሰና ሁለቱ ሽማግሌዎች መጥተው በጎናቸው ሣሩ ላይ ተቀመጡ። አስቴር ከቃሬዛው ሳትወርድ፣ ብርድ ልብሷን እንደለበሰች፣ አጎቷን ከጭንቅላታቸው አቀፈቻቸው።

ካሜራው እጇ ላይ ተንጠልጥሎ ወደ መሬት ዞሮ ነበር። ቀዩ መብራት ይበራል። ይህን ሁሉ ሲቀርጽ የነበረው ሣርና የሽማግሌዎቹን ጭቃ የለበሰ ኮንጎ ጫማ ብቻ ነው፤ ድምፃቸው ግን ሁሉም አለ። እኔ ቆሜ አያለሁ። የአሥር ዓመት ልማዴ አፌን ከፈተው። «አንዴ እንደገና» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ነርሷ ጥያቄዋን ብትደግመው፣ ሽማግሌው እንደገና ቢንበረከኩ፣ ብርሃኑም ጥሩ ነበር። አፌን ዘጋሁ። ከዚያ ሙሽራዋ ትዝ አለችኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በሥራዬ አፈርኩ።

አስቴር ያንን ትዕይንት ፊልሙ ውስጥ እንዳለ ነው የተወችው፤ ሣርና ጫማ፣ ከላይ የሰው ድምፅ። አብረን ስናቀናብር «ሰው ምንም አያይም እኮ» ብያት ነበር። «ይሰማል» አለችኝ። ምንጩ ጋ የታቀደውን የሞት ትዕይንት ደግሞ አውጥታ ጣለችው፤ ኋላ ተመልሰን እንድንቀርጸውም አልጠየቀችም። ከአንድ ሴት እንዲህ ያለ ድፍረት አይቼ አላውቅም። ፊልሙ የራሷ ነው፤ ታሪኩ የራሷ ነው፤ ራሷ ያሰበችው ፍጻሜ ነበረው፤ ሌሎች ሰዎች መጥተው ፍጻሜውን ሲቀይሩባት አስረከበቻቸው። ሰው የራሱን ቁስል ሲናገር እንኳ ቦታ ለቆ ሌላውን ማስገባት እንደሚችል ያየሁት ከእሷ ነው።

አንባቢዎቼ፣ ዛሬም የምኖረው በሠርግ ቀረጻ ነው። ትልቅ ፊልም ሠሪ ሆኛለሁ ብዬ አልዋሻችሁም። የተቀየረው ትንሽ ነገር ነው፤ ለእኔ ግን ኑሮዬ ነው። ሰው እንዲደግም አላዝም። ያመለጠኝ አመለጠኝ። አንዳንድ ደንበኛ በዚህ ተቆጥቶ ሌላ ጋ ሄዷል። ሌላው ደግሞ «እናቴ እንዲህ እንደምትስቅ አላውቅም ነበር» ብሎ ደውሎልኛል። ዕቃ ማንሣት ሲያስፈልግም ካሜራዬን አስቀምጬ አነሣለሁ፤ ሠርግ ቤት ድስት የሚያወርድ ሰው መቼም አይበቃም። «ያ ፊልም እውነት ነው ወይስ ትወና?» ብለው ለሚጠይቁኝ ያየሁትን እነግራቸዋለሁ። ሽማግሌዎቹ ይተውኑ ነበር፤ ይህንን በዓይኔ አይቻለሁ። አቶ በራሶ ለነርሷ ያቀረቡት ጥያቄ ግን እውነተኛ ነበር፤ መልሷም።

ፊልሙ ሲያልቅ አስቴር መጀመሪያ ያሳየችው ለመንደሯ ሰዎች ነው። ቡሌ፣ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ወጥረን። አቶ በራሶ ከፊት ተቀመጡ፤ እኔ ከጎናቸው። እሷ ከቃሬዛው ላይ ሆና የቀረጸችው ክፍል ደረሰ። ከተኛችበት ወደ ላይ የሚታይ ነው። ሰማይ፣ የኮባ ቅጠል፣ የቡና ቅርንጫፍ፤ በአራቱም ማዕዘን ደግሞ የአራት ወንዶች አንገትና ጆሮ፣ ላብ የሚወርድበት። በየጥቂቱ አንደኛው ጭንቅላት ዘወር ይልና የአቶ በራሶ ፊት ይታያል፤ ጎንበስ ብለው፣ ቅንድባቸው ተቋጥሮ፣ ደኅና መሆኗን ያያሉ። ከዚያ ይመለሳሉ። ደግሞ ይዞራሉ።

ሽማግሌው ወደ አንሶላው ተጠግተው አዩት። የእህታቸውን ልጅ በጌዴኦፋ ጠሯት፤ ድምፃቸው በአዳራሹ ሁሉ ተሰማ።

«አስቴር፣ እናትሽ ያየችኝ እንዲህ ነው?»

«አዎ አጎቴ» አለች። «የመጨረሻ ያየችው ይህንን ነው።»

አቶ በራሶ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ፊልሙ እስኪያልቅ ድረስ አንሶላው ላይ የራሳቸውን ፊት እያዩ ተቀመጡ።